«ማንም የነካካውን ኮድ በሰው ሕይወት ላይ አንጭንም»

ጠጋኟ፦ ትናንት ሜክሲኮ አካባቢ በተደረገ የሕክምና መሣሪያዎች ግዥ ውይይት ላይ፣ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር (ኮዱን ማንም ሊያነበው የሚችል ፕሮግራም) ያለው መሣሪያ በጨረታ ይወዳደር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አንድ የአስመጪ ተወካይ «ማንም የነካካውን ኮድ በሰው ሕይወት ላይ አንጭንም» አለ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። እኔ የሆስፒታል መሣሪያ እጠግናለሁ። ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ አንድ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) የጥገና የይለፍ ቃል ካልገባልኝ አልሠራም አለ። የይለፍ ቃሉ ወኪሉ ዘንድ ነው፤ ወኪሉ ስልክ አያነሳም። ነርሷ አምቡ ባጉን፣ ሕመምተኛው እንዲተነፍስ የሚጨመቀውን ከረጢት፣ በእጇ እየጨመቀች፣ እኔ ካቻቢቴ ይዤ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጥሁ፣ ሌላ ማሽን ከላይኛው ፎቅ እስኪወርድ 40 ደቂቃ ቆየን። ያንን ኮድ ማንም አልነካካውም።

ሰነድ ፈታሽ፦ ልጄ፣ ያየሽው ከባድ ነው። ግን የይለፍ ቃል መከልከል የውል ጉዳይ ነው፤ ሰውየው ያነሳው የማስረጃ ጉዳይ ነው። የአውሮፕላን ሶፍትዌር ዲኦ-178ሲ በተባለው የደኅንነት መመዘኛ ሲመዘን ክፍት ነህ ዝግ ተብሎ አይጠየቅም። ኮዱ ከየትኛው መስፈርት እንደ መጣና በየትኛው ፍተሻ እንዳለፈ ይጠየቃል። ክፍት ምንጭ የሆነው ሊኑክስ፣ ኮምፒውተርን የሚያሠራው ሥርዓት፣ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ነው። ይህን ሁሉ ሰነድ ማን ያዘጋጃል?

የአራት ኪሎው፦ ጋሼ፣ ስለ ሰነዱ እውነትዎን ነው። «ማንም የነካካው» የሚለው ግን ሐሰት ነው፤ ማየት ሌላ፣ መንካት ሌላ። ሊኑክስን ማንም ያነበዋል፤ ክፍሉን በኃላፊነት የያዙት ሰዎች ካልተቀበሉት ግን አንድም መስመር አይገባም። ቴራክ-25ን አስታውሱ። ይህ የጨረር ሕክምና ማሽን እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማንን ከልክ ባለፈ ጨረር መታ፤ የሞቱም አሉ። ሶፍትዌሩን የጻፈው አንድ ሰው ነበር። ቴክሳስ ላይ ኦፕሬተሯ የተየበችውን በፍጥነት ስታርም የሚፈጠረውን ስህተት ደጋግመው አስነስተው ያሳዩት እሷና የሆስፒታሉ ፊዚሲስት እንጂ አምራቹ አይደለም። እንደ ጠጋኟ ያሉ ሰዎች ማለት ነው።

የሲግናል ሰው፦ ኤክስ-ዜድንስ፣ ብዙ የሊኑክስ ማሽኖች የሚጠቀሙበትን ክፍት የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም፣ ለምን ዘለልኸው? ተንኮሉ የተደረሰበት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሲያግዝ ቆይቶ፣ አመኔታ አግኝቶ፣ የፕሮግራሙ ኃላፊ ከሆነ በኋላ የኋላ በር፣ ማለትም ስውር መግቢያ፣ ከፈተበት። አንተ የምትመካባቸው «በኃላፊነት የያዙት» ማለት እሱ ነው! አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ወደ ማሽኑ ሲገባ በግማሽ ሰከንድ መዘግየቱ ባያሳስበው ኖሮ የት እንደርስ ነበር? እኔ በባቡር ሲግናል ሥራ ላይ ነኝ። በአጋጣሚ መትረፍ ለእኔ ደኅንነት አይደለም።

የአራት ኪሎው፦ የጠረጠረው በአጋጣሚ ነው፤ ያረጋገጠው ግን ከፍቶ ማየት ስለቻለ ነው። ዝግ ቢሆን ለሻጩ ደብዳቤ ጽፎ መልስ ይጠብቅ ነበር።

የሲግናል ሰው፦ ተንኮሉን የሚያስነሳው ክፍል የነበረው ለተጠቃሚ በሚከፋፈለው ጥቅል ውስጥ ነው፤ ሁሉም በሚያየው ማከማቻ ውስጥ አልነበረም። ዓይን በዝቶ ምን ፈየደ?

የፒያሳዋ፦ ለምን ሩቅ ትሄዳላችሁ? መጋቢት 1 ቀን 2011 ከቦሌ የተነሳው አውሮፕላን 157 ሰው ይዞ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ። ኤምካስ፣ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያዘቀዝቀው ሶፍትዌር፣ የአንድ ሴንሰር ቃል ብቻ አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ደጋግሞ ደፈቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 19 ኢንዶኔዥያ ላይ በተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰው አልቆ ነበር። እስከዚያ ድረስ አብራሪዎች ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩ እንኳ አልተነገራቸውም። ዝግ ኮድ፣ ፈቃድ ያለው፣ ሰነድ ያለው።

ሰነድ ፈታሽ፦ እባክሽ፣ ሙታኑን ለክርክር አታንሺ። ደግሞም እዚያ ኮዱ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። የተሳሳተው ንድፉና የአደጋው ግምት ነው። ኮዱ ለሕዝብ ቢለጠፍ ይህን አያድነውም።

የፒያሳዋ፦ ጋሼ፣ እኔ በሥላሴ ካቴድራል ባዶ ሳጥን ሲሸኝ ቆሜ ያለቀስሁ ሰው ነኝ። ከእኔ በላይ ማን ያንሳቸው? ንድፉ ለሌላ ዓይን ቢገለጥ «አንድ ሴንሰር ብቻ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም ነበር።

ሰነድ ፈታሽ፦ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀየርሁም።

የአራት ኪሎው፦ ሁለቱም የሚሟላበት አለ። በአውስትራሊያ የተሠራው ሴል-4 የተባለው ከርነል (የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት) ኮዱ ከመስፈርቱ ጋር እንደሚስማማ እ.ኤ.አ. በ2009 በሒሳብ ተረጋግጦ፣ በ2014 ለሁሉም ተከፈተ።

የሲግናል ሰው፦ ስንት መስመር ነው? ወደ 9 ሺህ ገደማ! ያውም ጥቂት ሊቃውንት ዓመታት ፈጅተውበት ነው። «ማንም» ነክቶት አይደለም። ክርክሬን አገዝህልኝ።

የአራት ኪሎው፦ ማንም ይንካው ያለ ሰው ካለ ከላይ ጥቀስልኝ። ማንም ይየው ነው ያልሁት።

ጠጋኟ፦ እናንተ በ«ማንም» ላይ ስትጨቃጨቁ እኔ ነገ ጠዋት ያው ማሽን ፊት ነው የምቆመው። ሊኑክስ ይሁን ሌላ ግድ የለኝም። ማሽኑ ለምን እንደ ቆመ ማየት የሚያስችለኝ አንቀጽ በጨረታ ሰነዱ ይግባ ነው የምለው።

ሰነድ ፈታሽ፦ ቢገባና ያየሽውን ብታስተካክዪ፣ በማግስቱ ሕመምተኛው ቢጎዳ፣ ማን ይጠየቃል?

ጠጋኟ፦ እኔ።

ሰነድ ፈታሽ፦ ድፍረትሽን አልጠየቅሁም። አምራቹ ሲሳሳት የምከስበት ፊርማ አለኝ። የአንቺ ፊርማ ያለበት ወረቀት የትኛው ነው?

ጠጋኟ፦ እነዚያን 40 ደቂቃዎችስ በየትኛው ፊርማ ነው የከሰሱልኝ?