የደረቀ ደም ለምን ቡናማ ይሆናል?

ጥያቄ (ከአዳማ)፦
በበዓሉ ጧት ግቢያችን ውስጥ በግ ታርዶ ነበር። ሲሚንቶው ላይ የፈሰሰው ደም መጀመሪያ ደማቅ ቀይ ነበር፤ ስድስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ግን ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ፣ ወፈር ብሎ የተጠራቀመው መካከሉ ብቻ ጥቁር ቀይ እንደሆነ ቀረ። በማግስቱ ውኃ ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ የቡና አተላ መሰለ። 8ኛ ክፍል የሚማረው ልጄ «ብረቱ ዝጎ ነው» አለኝ። እኔ ውኃው ስለተነነ ነው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ቀይ ቀለም የተነከረ ጨርቅ ሲደርቅ ቀይ ሆኖ ስለሚቀር ግምቴ ራሴንም አላረካኝም። የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦
ደም ከሰውነት እንደወጣ ይረጋል፤ ቀለሙም የሚለወጠው በመርጋቱ ይመስለኛል።

መልስ 2 (የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦
ይቅርታ ይደረግልኝና መርጋት ሌላ ጉዳይ ነው። ደም የሚረጋው ፋይብሪን የተባለ ፕሮቲን እንደ መረብ ተዘርግቶ ሴሎቹን ሲይዛቸው ነው። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ የምንቀዳው ደም ግን መርጋትን የሚከለክል ኬሚካል ስላለበት ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያው ቱቦ ስላይድ ላይ የቀረች ጠብታም ሳትረጋ ደርቃ፣ ስትቆይ ቡናማ ትሆናለች።

ሁለት ለውጦችን መለየት ያስፈልጋል። ለደም ቀይ ቀለም የሚሰጠው ሄሞግሎቢን 4 የብረት አቶሞች አሉት፤ ኦክስጅን ሲይዝ ይፈካል፣ ሲለቅ ይጠቁራል። ይህ የሚመለስ ለውጥ ነው፤ ከክንድ ደም ሥር የተቀዳ ጥቁር ቀይ ደም፣ አየር ያለበትን ቱቦ ገልበጥ መለስ ሲያደርጉት ዓይንዎ እያየ ይቀላል። ቡናማው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ብረቱ አንድ ኤሌክትሮን ያጣና ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን መያዝ የማይችል ሜትሄሞግሎቢን ይሆናል። ይህ በእኛም ሰውነት ውስጥ በየቀኑ ይከሰታል፤ ሆኖም በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ያለ ኢንዛይም ያጣውን ኤሌክትሮን እየመለሰለት መጠኑን 1 በመቶ አካባቢ ያቆየዋል። ሲሚንቶ ላይ የደረቀ ደም ይህ ጥገና ይቋረጥበታል፤ በኋላም ፕሮቲኑ ራሱ ቅርጹን እየሳተ ይብሱን ይጠቁራል።

ልጅዎ ወደ እውነቱ ተጠግቷል። ብረቱ ኤሌክትሮን ማጣቱ ከዝገት ጋር ያመሳስለዋል፤ ዝገት ግን ብረት ከኦክስጅንና ከውኃ ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ራሱን የቻለ ነገር ሲሆን፣ የደሙ ብረት ከሞለኪዩሉ አልወጣም። የእርስዎም ግምት ከንቱ አይደለም፤ ውኃው ሲተን ቀለሙ ስለሚጠጥር ጠቆር ብሎ ይታያል።

መልስ 3 (ሥጋ ቤት ያለኝ)፦
ይህን ሳነብ የራሴ ሥራ ትዝ አለኝ። ሽንጥ ሲቆረጥ ውስጡ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ጥቂት ሲሰቀል ይቀላል፤ ወደ ማታ ላይ ላዩ ቡናማ ይሆንና ደንበኛ «የትናንት ነው» ብሎ ይከራከረኛል። ያው አንድ ነገር ይሆን?

መልስ 2፦
አዎን፣ የሥጋው ቀለም ባለቤት የሄሞግሎቢን ዘመድ የሆነው ማዮግሎቢን ነው፤ ሦስቱም ደረጃዎች እርስዎ በገለጹት ቅደም ተከተል ይመጣሉ። ስለዚህ ቡናማ መሆኑ ብቻውን ሥጋው ለመበላሸቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ጠረኑንና ማዝለግለጉን ማየት ይሻላል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከልጄ ጋር ተመልሰን ስናይ፣ በርሜሉ ጥላ ሥር የተረጨው ደም ፀሐይ ላይ ከነበረው ይልቅ አሁንም ቀላ ያለ ነው።

መልስ 2፦
ሙቀትና ብርሃን ለውጡን ያፈጥኑታል። ከአንድ በግ፣ በአንድ ሰዓት የፈሰሰ ደም ሁለት ዓይነት ዕድሜ ያለው መስሎ የታየዎትም በዚህ ምክንያት ነው።