አንቲቫይረሱ ከቤት ሆኜ የስራ ሲስተም አላስገባ አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች፣ አንቲቫይረሱ አፕዴት ካደረገ ወዲህ ቪፒኤኑ (ከመስሪያ ቤት ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘኝ) ኮኔክትድ ይላል ግን ሪሞት ዴስክቶፑን (የመስሪያ ቤቱን ኮምፒውተር ከቤት የምሰራበትን) ስከፍት ትንሽ ይሽከረከርና ይቋረጣል፣ አንቲቫይረሱን ሳጠፋው ወዲያው ይገባል። አጥፍቼው ልስራ እንዴ? ነገ ሪፖርት አለብኝ ጨንቆኛል

መልስ፦ ኧረ አጥፍተህ እንዳትሰራ ወንድሜ! የአንቲቫይረሱን ፋየርዎል (ግንኙነት የሚፈቅደውና የሚዘጋው ክፍል) ሎግ፣ ማለትም መዝገቡን ክፈት፣ ምን እንደዘጋ ከነሰዓቱ ታገኘዋለህ። ሪሞት ዴስክቶፕ በተለምዶ የሚሄደው በ3389 ፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር) ነው፣ የተዘጋው እሱ ከሆነ ለመስሪያ ቤትህ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ብቻ ፍቀድ፣ ለሁሉም እንዳትከፍተው

ሌላ መልስ፦ እኔም ገጥሞኝ ነበር፣ የኔው አንቲቫይረስ ቪፒኤኑን ፐብሊክ (የማይታመን) ኔትወርክ ብሎ መዝግቦት ነው፣ ፕራይቬት (የሚታመን) ሳደርገው ተፈታ። ላፕቶፑ የመስሪያ ቤት ከሆነ ግን ምንም ሳትነካካ ለአይቲዎቹ ንገራቸው

ጠያቂ፦ ላፕቶፑ የራሴ ነው። ሎጉ ላይ 3389 በቀይ ተጽፎ አገኘሁት፣ ቪፒኤኑንም ፐብሊክ ብሎታል፣ ቀየርኩትና ገባልኝ! ተባረኩ