አፍንጫዋ ቀና ያለ ሰፊ ታንኳ የሞከረ አለ?

የጣና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ የወይጦ (ጣና ዳር ታንኳ በመስራት የሚታወቁት ማህበረሰብ) አባት ጋር ሄጄ አዲስ የደንገል ታንኳ አሰራሁ፣ ከለመድናት ሰፋ ትበል አፍንጫዋም ብዙ ወደላይ ይውጣ ብዬ ነው የጠየኳቸው ምክንያቱም ዳር ዳሩን ያለው የእምቦጭ አረም ሁሌ እየያዘ አላላውስ ይለኝ ነበር። ትናንት በጠዋቱ ደብረ ማርያም ደሴት ፊት ለፊት ይዣት ገባሁ። ሳሳ ያለው እምቦጭ ላይ ስትደርስ አፍንጫዋ ይወጣበትና ቅጠሉን ከስሯ አስተኝታው ታልፋለች፣ ሽሽሽ የሚለው ድምፁ ራሱ ደስ ይላል። ጥቅጥቅ ያለው ላይ ግን ያው ትቆማለች። የቸገረኝ ክፍት ውሃው ነው፣ በቀኝ አንዴ ስቀዝፍ ወደ ግራ ዙር ትላለች፣ ረፋድ ላይ ነፋስ ሲነሳማ አፍንጫዋን እየመታ አዞረብኝ እጄ እስኪዝል። የኔ አያያዝ ነው ወይስ አሰራሯ?

የአባይ ዳር፦
ሁለቱም ነው ወንድሜ። እንደዛ የቀናች ታንኳ ውሃ የሚነካው ሆዷ ብቻ ነው፣ ስታያት ረጅም ናት ውሃው ላይ ግን አጭር ናት፣ ለዛ ነው ቶሎ የምትዞረው። ግራ ቀኝ እያፈራረክ አጠር አጠር አርገህ ቅዘፍ። ነፋስ ከፊት ከመጣ የምትቀመጥበትን ደንገል ትንሽ ወደፊት ግፋው አፍንጫው ጎንበስ ይላል፣ ከኋላ ሲመጣብህ ደሞ መልሰው። ስትወጣ ዛፍ ላይ አቁመህ አድርቃት እባክህ፣ ደንገል ውሃ ይጠጣል ከጠጣ በኋላ ቀና ያለው ነገር ሁሉ ይወርዳል።

ባህርዳር ያደኩ፦
ይሄን ነገር እኔ በረዶ ላይ አይቼዋለሁ። አሁን ያለሁት ኦስትሪያ ነው፣ ባለፈው ዊንተር ሰፊ የፓውደር ስኪ (ለስላሳ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት እግር ላይ የሚታሰር ረጅም ጣውላ) ተከራይቼ ሞከርኩ፣ እግር ስር ስፋቱ 115 ሚሊሜትር፣ አፍንጫውም ጭራውም ቀና ያለ፣ ሮከር ነው የሚሉት። ሌሊት የወረደ ያልተረገጠ በረዶ ላይ እስከ ጉልበቴ እየገባሁ እንኳን አፍንጫው አይቀበርም ተንሳፎፎ ይወጣል፣ እግሬን ትንሽ ሳዞር ይዞራል፣ ታንኳ ላይ ያለሁ ነው የመሰለኝ። ከዛ በማሽን የተደለደለው ጠጣር መንገድ ላይ ስወርድ ግን መሬት የሚነካው ጠርዙ አጭር ስለሆነ አፍንጫው ይንቀጠቀጣል ይዋልላል። አጋድሜ በጠርዙ ስይዘው ነው የረጋልኝ። ስለዚ አልተበላሸችም፣ ለለስላሳው የተሰራች ናት።

ዘጌ፦
ገመዱንም እየው። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1969 ራ የምትባለዋን ጀልባ ግብፅ ላይ ያሰራት ከዚሁ ከጣና በሄደ ደንገል ነበር፣ የተጠቀለለ ጭራዋን ወደ ውስጥ ወጥሮ የሚይዘውን ገመድ ለቅርፅ ብቻ መስሏቸው አነሱት፣ አትላንቲክ ውቅያኖስን ሲያቋርጡ ጭራው ሰጥሞ ባርባዶስ ሳትደርስ ትተዋት ወጡ። ያንተም አፍንጫ ማሰሪያው ከላላ ቀና ማለቱ ይጠፋል።

የጣና ልጅ፦
አመሰግናለሁ በጣም። ዛሬ ጠዋት መቀመጫዬን አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ገፋሁት፣ ከነፋሱ ጋር መጋፈጥ ችላለች ቀጥ ብላ ለመሄድ ግን ገና ነው። ገመዱን ሳየው እውነትም አንድ ቦታ ላልቶ አገኘሁት፣ ነገ አባትዬው ጋር ወስጄ አስጠብቀዋለሁ። ለዳሩ እሷን ለክፍቱ የድሮዋን እይዛለሁ።