ይቅርታ ብያለሁ፤ መዋጮው ግን ቆመ

አራተኛ ፎቅ፦ ሰላም ናችሁ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የብሎካችን ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው እንጂ ፈልጌው አይደለም። ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት ነው። ባለፈው ወር ተራዬ ደርሶ ፓምፑን አበራሁና እንቅልፍ ወሰደኝ። የታችኛው ሮቶ አልቆ ፓምፑ በደረቁ ሲሽከረከር አደረ። ጠዋት የተቃጠለው ሽታ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። ማስጠቅለያው 6,500 ብር ከጋራ ገንዘባችን ወጣ። ስብሰባ ላይ ተነስቼ «ይቅርታ፣ ግን መብራቱም ሲሄድ ሲመጣ ነበር» አልኩ። ሰው ዝም። ከዚያ ወዲህ ከ20 አባወራ መዋጮ የከፈለው 9 ብቻ ነው። ሌሊት ተራ የሚጠብቅም ጠፋ። ምን ላድርግ?

የገላን እናት፦ ልጄ፣ ያቺ «ግን» ናት ጉዱ። በእኛ እድር ከቀብር የቀረ ሰው መጀመሪያ ቅጣቱን ይከፍላል፣ ምክንያቱን ኋላ ይናገራል። ቅጣቷ ትንሽ ናት። ሳይከፍል ሰበብ የሚደረድረውን ግን ማንም አይሰማውም።

ቁጥር ወዳጅ፦ በ1980 (በፈረንጆች) ሮበርት አክስልሮድ የሚባል ተመራማሪ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን በትብብር ጨዋታ አወዳድሮ ነበር። ያሸነፈው ቀላሉ ነው፦ መጀመሪያ ይተባበራል፣ ከዚያ የተደረገበትን ይመልሳል። ችግሩ፣ አንዱ ሳያውቅ ከተሳሳተ ብድር መመላለሱ ማብቂያ የለውም። የእናንተም ብሎክ እዚያ ገብቷል፤ «እሱ ካልተጠነቀቀ እኔ ለምን እከፍላለሁ?» እየተባለ ነው። ይቅርታ ሰንሰለቱን ይቆርጣል፤ ግን ጠያቂውን ትንሽ ሊያስከፍለው ይገባል። በነፃ ከሆነማ ሆን ብሎ አጥፍቶ «ይቅርታ» የሚል ይበዛል።

ጀሞ 2፦ ድሮስ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ የሚወደቀው ለምን ሆነና! አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸከም አልልህም 😂

ዝም አልልም፦ ቆይ፣ ሙሉውን እሱ ይክፈል ልትሉ ነው? እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ገንዘብ ያዥ የሚሆን ፈልጉ።

አራተኛ ፎቅ፦ ቅዳሜ ቤት ለቤት ዞርኩ። «ግን»ን ዋጥኳት። ግማሹን 3,250 ብር ከኪሴ መለስኩ፤ የሁለት ወር የሌሊት ተራም ወሰድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እናት «ይሄን ያኔውኑ ብትል ምን ነበረበት?» ብለው ቡና አስቀመጡኝ። እስከ ሦስተኛው ጠጥቼ ወጣሁ። ማታውን አምስት ሰው በቴሌብር ላከ፤ 14 ደረስን። ምድር ቤት ያለው ሰውዬ ግን «ውሃው ለእኔ ያለ ፓምፕ ይደርሰኛል» ብሎ ድርቅ ብሏል። ለእሱ ሌላ ጥያቄ እከፍታለሁ።