ግፊቴ 118/76 ሆኖ ለምንድነው የግፊት መድኃኒት የታዘዘልኝ?

የአዳማዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ስለ ኩላሊት የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ። 31 ዓመቴ ነው፣ ስኳር የለብኝም ግፊትም የለብኝም፣ በተለካሁ ቁጥር 118/76 ምናምን ነው የሚለው። ለስራ ሜዲካል ስሰራ ሽንቴ ላይ ፕሮቲን ተገኘ፣ ኢንፌክሽን ይሆናል ተብሎ ከወራት በኋላ ሲደገምም ያው ነው፣ ኩላሊት እንዴት እንደሚሰራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሪያቲኒን የሚሉት፣ ግን 0.8 ነው ኖርማል ነሽ አሉኝ። ከዛ ዶክተሩ ኢናላፕሪል 5 ሚሊግራም አዘዘልኝ፣ እቤት ገብቼ ወረቀቱን ሳነበው የደም ግፊት መድኃኒት ይላል!! ወረፋው ብዙ ስለነበር በደንብ አላስረዳኝም። እናቴ ደግሞ ግፊት ሳይኖርሽ ከጀመርሽው ሰውነትሽ ይለምደዋል፣ ዕድሜ ልክሽን አትላቀቂውም ብላ አስጨንቃኛለች። ግፊቴ ደህና ከሆነ ኩላሊቴም ደህና ነው ማለት አይደል እንዴ? ልጀምረው ወይስ ልተወው?

ዳዊት22፦
እኔ ብሆን አልጀምረውም፣ ጨው ቀንሺና ውሃ በደንብ ጠጪ፣ ውሃ ኩላሊትን ያጥባል።

ፋርማሲስቱ፦
ዳዊት ወንድሜ ጨው መቀነሱ ልክ ነው፣ ግን ውሃ ስለተጠጣ ፕሮቲኑ አይቆምም፣ ሽንቱ ስለሚቀጥን ምርመራው ላይ ያነሰ ሊመስል ይችላል እንጂ።

እህቴ አይዞሽ፣ መድኃኒቱ ለግፊት ብቻ አይደለም የሚሰጠው። በአንድ ኩላሊት ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ በጣም ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ፣ ክንድሽ ላይ የሚለካው ግፊት ሌላ፣ እነሱ ውስጥ ያለው ጫና ሌላ ነው። ክንድሽ ላይ 118 እያለ እዛ ውስጥ ጫናው ሊበዛ ወይ ማጣሪያው ራሱ ሊጎዳ ይችላል፣ ያኔ ፕሮቲን ወደ ሽንት ያልፋል። ኢናላፕሪል ደሙ ከማጣሪያው የሚወጣበትን ስር ያሰፋዋል፣ ጫናው ሲቀንስ የሚያልፈው ፕሮቲንም ይቀንሳል፣ ለዚህ ነው ግፊት ለሌለው ሰውም የሚታዘዘው። ሱስ አያስይዝም፣ ለእናትሽ ይሄን ንገሪያቸው። ክሪያቲኒን ኖርማል ነው ስላሉሽ ደግሞ አትዘናጊ፣ የኩላሊት አቅም ግማሽ ያህል እስኪወርድ ድረስ ኖርማል ሊያሳይ ይችላል፣ ቀድሞ የሚናገረው ሽንቱ ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ፣ እርግዝና ካለ ወይም ካሰብሽ ለዶክተሩ ሳትነግሪ እንዳትጀምሪ፣ ፅንስ ይጎዳል። ደረቅ ሳል ካመጣብሽ ይቀየርልሻል፣ ፊትሽ ወይ ከንፈርሽ ካበጠ ግን አቁመሽ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂጂ። ከጀመርሽ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ክሪያቲኒንና ፖታሲየም ይታይልሽ።

ሳባ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ፋርማሲስቱ በደንብ አስረድቶሻል፣ እኔ የምጨምረው ፕሮቲኑ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መድኃኒት ብቻ ይዘሽ እንዳትቀመጪ ነው። ባለቤቴ እንዳንቺው ግፊት ሳይኖርበት ሽንቱ ላይ ፕሮቲን ሲገኝ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪ፣ ሉፐስ (ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ)፣ አልትራሳውንድ ሁሉንም ነው ያዩለት፣ ሉፐስ ደግሞ ባንቺ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ላይ ይበዛል። እዚህ አሜሪካ ጥቁር ስለሆናችሁ ነው ብለው የሚያልፉትም አሉ። እነሱ የሚያስቡት ምዕራብ አፍሪካ ላይ የሚበዛውን፣ ለኩላሊት በሽታ የሚያጋልጠውን የኤፖል ዋን ጂን ዓይነት ነው፣ በፈረንጅ 2011 እኛ ኢትዮጵያውያን ላይ የተሰራ ጥናት ግን አደገኛዎቹን ዓይነቶች አላገኘብንም፣ ስለዚህ ምክንያቱ ይፈለግልሽ።

ኪያ፦
እኔስ 134/85 ነኝ፣ ጤና ጣቢያ ኖርማል ነህ ተብያለሁ??

ፋርማሲስቱ፦
ኪያ እኛ ጋ ግፊት የሚባለው ከ140/90 ጀምሮ ነው፣ አሜሪካኖቹ በፈረንጅ ከ2017 ወዲህ 130/80ን ግፊት ይሉታል። ቡና ሳትጠጣ፣ አምስት ደቂቃ አርፈህ፣ ክንድህን ጠረጴዛ ላይ አድርገህ ዝም ብለህ ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ ለካና ጻፈው። ሐኪም ቤት ደህና ሆኖ ቤት ሲለካ ከፍ የሚል ሰው አለ። ሽንትህንም አስመርምር፣ ርካሽ ነው።

የአዳማዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እርግዝና የለም፣ አላሰብኩምም። የወር አበባ ሲመጣ ግን በጣም ስለሚያመኝ ዲክሎፌናክ ነው የምወስደው፣ እሱ ችግር አለው? ጾምስ? ዐቢይ ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልጠጣም።

ፋርማሲስቱ፦
ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ፣ ከኢናላፕሪል ጋር ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል፣ እዚህ አገር እንደ ከረሜላ ያለ ማዘዣ ነው የሚሸጠው፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ። ለህመሙ ፓራሲታሞል ውሰጂ፣ ካልቻለው ለዶክተሩ ንገሪው። ጾሙን አስቀድመሽ አማክሪው፣ ተቅማጥ ወይ ትውከት ከያዘሽና ሰውነትሽ ከደረቀ ግን እስኪሻልሽ መድኃኒቱን ማቆም ሊኖርብሽ ስለሚችል ወዲያው ደውለሽ ጠይቂ። ቀጠሮሽ ላይ ደግሞ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንትሽ ላይ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ከክሪያቲኒን ጋር ተነጻጽሮ በቁጥር ይሰራልኝ በይ፣ በሚሊግራም በግራም (mg/g) ሲሆን ከ30 በታች ደህና ነው፣ ከ300 በላይ ብዙ ነው። ትኩሳት ይዞሽ፣ ከባድ ስፖርት በሰራሽ ማግስት፣ ወይም የወር አበባ ላይ ሆነሽ ግን እንዳትሰጪ፣ ቁጥሩን ያዛባዋል።

የአዳማዋ፦
እሺ፣ ሰኞ ሄጄ ይሄን ቁጥር አሰራለሁ፣ የምክንያቱንም ምርመራ እጠይቃለሁ፣ ውጤቱን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።