የሪጅ ካፕና የአሸንዳ ላሜራ ስሌት፦ 26 ይበቃል ወይስ 30 ያስፈልጋል?

ጥያቄ

ባሕር ዳር ውስጥ 10 በ8 ሜትር የሆነ መኖሪያ ቤት እየሠራሁ ነው። ጣሪያው ወደ አራቱም ወገን ውኃ የሚያፈስ፣ ተዳፋቱ 15 ዲግሪ የሆነ፣ ከግድግዳውም በዙሪያው 60 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ ነው። የኢጂኤ ቆርቆሮውን መጠን አውቄዋለሁ፤ ያስቸገረኝ ማጠናቀቂያው ነው። ቆርቆሮ ሠሪው የሸንተረሮቹን ርዝመት 28.5 ሜትር፣ የአሸንዳውን ዙሪያ 40.8 ሜትር ካገኘ በኋላ ሁለቱንም ለ2 አካፍሎ፣ በ33 ሳንቲ ሜትር ስፋት ለሚቆረጠው ሪጅ ካፕ (የሸንተረር መሸፈኛ) ከአንዱ ላሜራ ሦስት ቁራጭ እየወጣ 5፣ በ67 ለሚቆረጠው አሸንዳ አንድ ቁራጭ እየወጣ 21፣ በጠቅላላው 26 ባለ 28 ጌጅ (የውፍረት መለኪያ) ጠፍጣፋ ላሜራ (1 በ2 ሜትር) እንድገዛ ነግሮኛል። ከኋላው ግድግዳ ጋር የሚጋጠመው የ5 ሜትር የማድቤት ጣሪያ ፍላሺንግ (የመጋጠሚያው መሸፈኛ ላሜራ) ግን «ከትርፉ ይወጣል» ብሎኛል። ስሌቱ ትክክል ነው?

መልስ 1

ርዝመቶቹ ትክክል ናቸው፤ ስሕተቱ ድምሩን ለ2 ማካፈሉ ላይ ነው። ቁራጮቹ በ15 ሳንቲ ሜትር የሚደራረቡ ከሆነ ከመጀመሪያው በቀር እያንዳንዱ የሚሸፍነው 1.85 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ መቁጠር ያለብዎት ጠርዝ በጠርዝ ነው። አንዱ የማዕዘን ሸንተረር 6.62 ሜትር ነው፤ ሦስት ቁራጭ 5.70 ይሸፍንና 92 ሳንቲ ሜትር ይቀራል፣ ከመደራረቢያው ጋር 1.07 ማለት ነው። አንዱን ቁራጭ ለሁለት ማዕዘን ለመክፈል 2.14 ሜትር ስለሚጠይቅ በ14 ሳንቲ ሜትር ያጥራል፤ ይህችን ለማብቃቃት ተብሎ መደራረቢያው ሲቀነስ ነው ክረምት ላይ ኮርኒስ የሚበሰብሰው። ስለዚህ ለአራቱ ማዕዘኖች 16፣ ለአናቱ 2 ሜትር ከጫፍ መሸፈኛው ጋር 2፣ በድምሩ 18 ቁራጭ ወይም 6 ላሜራ ያስፈልጋል። አሸንዳውም በረጅሙ ጎን (11.2 ሜትር) 6 ቁራጭ ሲገጠም የሚተርፈው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለማዕዘን መጋጠሚያው አይበቃም፤ 7 ይያዝለት። በአጭሩ ጎን 5 ይበቃል፤ የአራቱ ጎኖች ድምር 24 ላሜራ ይሆናል። እንግዲህ 30 ላሜራ ይግዙ።

መልስ 2

በቁራጮቹ ቆጠራ ከወንድሜ ጋር እስማማለሁ፤ በላሜራው ብዛት ግን አልስማማም። ስፋቶቹ 33፣ 50፣ 67 የሆኑት እኮ አንድ ሜትሩ ያለ ብክነት እንዲከፈል ነው። 67 የተቆረጠለት ላሜራ ሁሉ 33 ያተርፋል፤ ይህም የሪጅ ካፑ ስፋት ነው። ከ24ቱ የአሸንዳ ላሜራዎች 24 ባለ 33 ቁራጮች ስለሚገኙ 18ቱ ለሪጅ ካፕ፣ 3ቱ ለማድቤቱ ፍላሺንግ ውለው 3 ይተርፋሉ። 24 ላሜራ በቂ ነው ማለት ነው። ቆርቆሮ ሠሪው «ከትርፉ ይወጣል» ሲል እውነቱን ነው፤ ታዲያ ሪጅ ካፑን ለብቻው ለምን አስከፈለው? ማስጠንቀቂያዬ አንድ ብቻ ነው፦ የሪጅ ካፑና የአሸንዳው ቀለምና ጌጅ አንድ ካልሆነ ይህ ስሌት አይሠራም።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ቀለሙም ጌጁም አንድ ነው። የፍላሺንጉ 33 ግን ለግድግዳው ይበቃል?

መልስ 2

ይበቃል። 15 ያህሉ በግድግዳው ላይ ይቆማል፣ ከዚያም ጫፉ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ግድግዳው ተቆፍሮ በተከፈተ መስመር ውስጥ ይገባል፤ ቀሪው በቆርቆሮው ላይ ይተኛል። እርጥብ ሲሚንቶ ዚንኩን ስለሚበላው የሚቀበረውን ጫፍ አስቀድመው ሬንጅ ያስቀቡት። በሲሊኮን የሚደፈን ክፍተት ካለም፣ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ዓይነት አይግዙ፤ አሲዱ የላሜራውን ሽፋን ይጎዳዋል።