«ገብታችሁ ሪፖርት አድርጉልኝ» ሲባል ሁላችንም እንረባረብ? የተሰረቀ ፎቶ ክርክር

የቡድኑ አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን እዚህ ሦስት ጥሪ ተለጥፏል። አንዱ «ይህ ስቱዲዮ የሰርግ ፎቶዬን የራሱ አስመስሎ ለጥፏል፣ ገብታችሁ ሪፖርት አድርጉልኝ» ይላል። ሁለተኛው በእህታችን ፎቶ ስለተከፈተ ሐሰተኛ አካውንት ነው። ሦስተኛው የታመመ ሕፃን ፎቶ ይዞ የባንክ ቁጥሩ ስለተቀየረ የእርዳታ ልጥፍ ነው። በሦስቱም ላይ ብዙ ሰው ተረባርቧል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር «ይህ ነገር አደጋ አለው» ብላችሁኛል። በግልጽ እንነጋገርበት። የተሰረቀ ፎቶ ስናይ በጅምላ ሪፖርት ማድረግ ተገቢ ነው? ወይስ ለባለቤቱ ነግረን እሱ ይጨርሰው? ስድብ የለም። የማንንም ስምና ስልክ አትለጥፉ።

የሰርግ ፎቶ አንሺ፣ ባሕር ዳር፦
እኔ እቃወማለሁ። የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የመልስ ፎቶ ነው፤ ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው። ስሜ በቀኝ በኩል ታች ላይ ነበር። አንድ ገጽ ያንን ጎን ቆርጦ የራሱን ሎጎ ለጠፈበት። በጨዋ ደንብ «ወንድሜ፣ አውርደው» ብዬ ጻፍኩለት። እሱ ተከታዮቹን ጠርቶ «ይህ ሰው ፎቶ ሰርቆናል፣ ሪፖርት አድርጉት» አላቸው። የእሱ ተከታይ ብዙ ነው፣ የእኔ ጥቂት። ገጼ ታገደ። ያውም በጥር፣ ደንበኛ በሚፈልገኝ ሰዓት። በጅምላ ሪፖርት የምንዳኝ ከሆነ የሚያሸንፈው ባለቤቱ አይደለም፤ ብዙ ሰው ያለው ነው።

ገጼን ያስመለሰልኝ ማስረጃ ነው። ዋናው ፋይል ላይ በቀኝ ጠርዝ የሙሽራዋ እናት እጅ ይታያል፤ በነጠላዋ ጥለት እንባዋን ስትጠርግ። እሱ ስሜን ሲቆርጥ የእናትየዋንም እጅ አብሮ ቆርጦታል። የሰረቀ ሰው ከባለቤቱ የሰፋ ፍሬም ሊያመጣ አይችልም። ከዚያች ፎቶ በፊትና በኋላ የተነሱትንም ጨምሬ ላክሁ። በአንዱ እናትየዋ ነጠላዋን እያነሳች ነው፣ በሌላው አውርዳዋለች። ይህን የያዘ ሰው አንድ ነው፤ ካሜራውን የያዘው።

ተማሪ፣ ጅማ፦
አንተ ባለሙያ ነህ፣ ዋናው ፋይል አለህ። አክስቴስ? ፎቶዋ ተወስዶ የባህል መድኃኒት ማስታወቂያ ላይ ወጥቷል። «ይህን ጠጥቼ ዳንኩ» የሚል ጽሑፍ ከሥሯ ተለጥፎ። አክስቴ በእንግሊዝኛ ፎርም ትሙላ? ለብቻዋ ሪፖርት ስታደርግ «ደንባችንን አልጣሰም» የሚል መልስ መጣላት። ሰፈሩ ሁሉ ሲረባረብ ወረደ። አቅም የሌለው ሰው ያለው ኃይል ሰው ነው። ያንንም አትቀሙት።

የሰርግ ፎቶ አንሺ፣ ባሕር ዳር፦
የአክስትህ ጉዳይ ያሳዝናል። ግን ሰፈሩ ለእውነት እንደተረባረበ በምን አወቀ? አንተን አምኖ ነው። የእኔን ገጽ ያዘጉትም ሰውየውን አምነው ነው።

እህት፣ ሪያድ፦
እኔ በሁለተኛው ጥሪ ላይ ያለሁት ሴት ነኝ። በፎቶዬ አካውንት ከፍተው ለዘመዶቼ «ተቸግሬያለሁ፣ ብር ላኩልኝ» ይሉ ነበር። እናቴ ልትልክ ምንም አልቀራት። ያስቆማት ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ፎቶው ላይ ከኋላዬ ያለው የሱቅ ጽሑፍ የተገለበጠ መሆኑን አየ። ከአገር ከመውጣቴ በፊት መርካቶ የተነሳሁት ፎቶ ነው። ፊደሉ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ ተገልብጧል። ሌቦቹ ፎቶ ፈልጎ የሚያገኘውን ቴክኖሎጂ ለማሳት ያገላብጡታል አሉ። እውነትም መልሰን ገልብጠን በጎግል ሌንስ ስንፈልገው የራሴ የድሮ ገጽ ወጣ።

ታዲያ ለምን «ባለቤቷ ብቻዋን ትጨርሰው» ትላላችሁ? የማልተኛበት ሥራ ላይ ነኝ። ስልክ የምይዘው ማታ ነው። እናንተ ባትረባረቡልኝ እስካሁን አይወርድም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጠበቃ፣ አዲስ አበባ፦
ልጆች፣ የምትጋጩት የተለያየ ነገር አንድ ከረጢት ውስጥ ስለከተታችሁ ነው።

የእህታችን ጉዳይ ማስመሰል ነው። ፌስቡክ ላይ ማንም ሰው «ይህ አካውንት የማውቀውን ሰው ያስመስላል» ብሎ ማመልከት ይችላል። ስለዚህ እዚያ ላይ የሚያውቋት ሰዎች መርዳታቸው ትክክል ነው። የሚያውቋት ነው ያልኩት። ማመልከቻውም ላይ እውነተኛ አካውንቷ የቱ እንደሆነ መጠቆም አለበት።

የፎቶ አንሺው ግን የቅጂ መብት ነው። እንደ ፌስቡክ ያሉ ኩባንያዎች በዚህ ላይ የሚሠሩት እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። አቤቱታውን የሚያቀርበው ባለመብቱ ወይም እሱ የወከለው ሰው ብቻ ነው። ፎርሙ ላይ «ባለመብት ነኝ፣ ወይም ተወክያለሁ» ብላችሁ ትፈርማላችሁ። መቶ ሰው ይህንን ቢሞላ ዘጠና ዘጠኙ በሐሰት ፈረመ ማለት ነው። ያስጠይቃል። የተከሰሰውም ወገን መልስ የመስጠት መብት አለው፤ ስሙንና አድራሻውን ጽፎ፣ ፈርሞ። መልስ ከሰጠና ባለመብቱ ፍርድ ቤት ካልሄደ ምስሉ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ሌባው ወይ ማንነቱን አውጥቶ ይቀርባል፣ ወይ ይሸሻል። በጅምላ «አስጸያፊ ነው» ብላችሁ ስታመለክቱ ግን እንዲህ የሚያጣራ የለም።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። የቅጂ መብት አቤቱታ ስታቀርቡ ስማችሁና ኢሜይላችሁ ለተከሰሰው ሰው ሊደርስ ይችላል። የማስመሰል ጥቆማ ግን ማን እንዳቀረበው አይነገርም። እህቴ፣ የሚያስፈራራሽ ሰው ካለ የቱን ፎርም እንደምትሞዪ ለይተሽ ሙዪ።

ተማሪ፣ ጅማ፦
ጋሼ፣ ኩባንያዎቹ «የሪፖርቱ ብዛት ውሳኔያችንን አይቀይርም» ይላሉ። እኛ ግን ሲቀይር አይተናል። አንድ ሲጮህ አይሰሙም፣ መቶ ሲጮህ ይሰማሉ።

ጠበቃ፣ አዲስ አበባ፦
አይተሃል፣ አልክድህም። በአማርኛ የተጻፈን አቤቱታ በቅጡ የሚያይ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ቅሬታህ እዚያ ላይ ከሆነ አብሬህ ነኝ። መፍትሔው ግን የንጹሕ ሰው ገጽ የሚዘጋበትን መሣሪያ ማጠናከር አይደለም።

የቻናል ባለቤት፦
እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ያለውን ልናገር። የድሮ አዲስ አበባ ፎቶዎችን እለጥፋለሁ። ፒያሳን፣ ለገሐርን፣ የድሮ አውቶቡሶችን። ሁልጊዜ «ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ» ብዬ እጽፋለሁ። ገቢ የለኝም። የፎቶ አንሺዎችንም ሥራ ሰው እንዲያየው ነው የማደርገው። አሁን ግን በየሳምንቱ «ሌባ» እየተባልኩ ሪፖርት ይደረግብኛል። ፎቶ ማጋራት ሁሉ ስርቆት ከሆነ ታሪካችንን ማን ያስተዋውቀው?

የሰርግ ፎቶ አንሺ፣ ባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ «ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ» ማለት የማንም ነው ማለት ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ካሜራ ይዞ አይዞርም። አንድ ሰው በፀሐይ ቆሞ ነው ያነሳው።

ጋዜጠኛ፦
በዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባ ጉዳይ አለ። ዳንኤል ሞሬል የሚባል የሄይቲ ፎቶግራፈር አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ፖርት ኦ ፕሪንስን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት እዚያው ነበር። ያነሳውን ትዊትፒክ በሚባል የትዊተር ፎቶ መለጠፊያ በኩል ለጠፈ። ሌላ ሰው ፎቶዎቹን ወስዶ የራሱ አስመስሎ አወጣቸው። የፈረንሳዩ ዜና ወኪል ኤኤፍፒም በዚያ ሰው ስም ለዓለም አሰራጫቸው፤ ፎቶ አከፋፋዩ ድርጅት ጌቲም አከፋፈላቸው። ሞሬል ተሟገተ። በ2013 ኒው ዮርክ ላይ ዳኞች 1.2 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰኑለት። የዜና ወኪሉ «ከኢንተርኔት ያገኘሁት ነው» ማለቱ አላዳነውም።

ሞሬልን ያዳነው ግን ጩኸት አልነበረም። ማን መጀመሪያ እንደለጠፈው የሚያሳይ ሰዓትና ቀን፣ የራሱ ፋይሎችና ፍርድ ቤት ናቸው።

የቻናል ባለቤት፦
እሱ በአሜሪካ ነው። እዚህ ሕጉ ምን ይላል?

ጠበቃ፣ አዲስ አበባ፦
የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ይጠብቃል። ግን ፎቶ አንሺዎች በደንብ ስሙኝ። ፎቶ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ከሆነ፣ በመጽሐፍ ከታተመ፣ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ከያዘ ነው። ለሌሎች ሥራዎች ይህ ቅድመ ሁኔታ የለም። ጊዜውም አጭር ነው፤ ከተነሳበት ጀምሮ 25 ዓመት። ስለዚህ ሎጎ ብቻ አትለጥፉ፤ ስምና አድራሻ ይኑርበት። እውነቱን ለመናገር ሕጉ ለፎቶ አንሺ ስስታም ነው። ዛሬ ፎቶ በየሰኮንዱ በሚቆረጥበት ዘመን ስሙ የተቆረጠበትን ሰው ሸክም ማብዛት ነው። መሻሻል አለበት።

አንተም የቻናሉ ጌታ፣ የ1950ዎቹ የፒያሳ ፎቶ ላይ ምናልባት የሚጠይቅህ አይኖርም። የአምና ፎቶ ግን ባለቤት አለው። ከመለጠፍህ በፊት በጎግል ሌንስ ወይም በቲንአይ ፈልገው። ስሙን ካገኘህ ጻፍ፣ አስፈቅድ።

ሙሽራ፣ አዳማ፦
ሁላችሁም የረሳችሁት ሰው አለ። ፎቶው ውስጥ ያለችው። ፎቶ አንሺዎች «ፎቶዬ ተሰረቀ» ትላላችሁ። የእኔን የሰርግ ፎቶ ሳትጠይቁኝ ገጻችሁ ላይ ለማስታወቂያ የለጠፋችሁትስ? ሌላው ከእናንተ ሰረቀ፣ እናንተስ ከማን ወሰዳችሁ? ባለቤቴ ፎቶዬን ያየው የማያውቀው ሰው ስልክ ላይ ነው።

ጠበቃ፣ አዲስ አበባ፦
ልክ ናት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ከ1952 ጀምሮ እዚያው አለ። የሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም። ለታወቁ ሰዎች፣ ለሕዝባዊ ሥነ ሥርዓትና ለመሳሰሉት የተለዩ ሁኔታዎች አሉ። የሰርግ ፎቶ ለስቱዲዮ ማስታወቂያ ግን ፈቃድ ይፈልጋል። የቅጂ መብቱ የአንሺው ነው፣ ፊቱ የእሷ ነው።

የሰርግ ፎቶ አንሺ፣ ባሕር ዳር፦
እህቴ፣ እኔ ውሉ ላይ እጠይቃለሁ፤ ለገጼ እንድለጥፍ ፈቅደዋል ወይስ አልፈቀዱም የሚል። የማይጠይቁ ብዙ ናቸው፣ እውነት ነው። ያስቆጣል።

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ስለ ሦስተኛው ጥሪ ነው የምለው። እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎች የታመመ ሕፃን ስናይ ሆዳችን አይችልም። ሌባውም ይህንን ያውቃል። እውነተኛውን ልጥፍ ቃል በቃል ይገለብጣል፣ ፎቶው ያው ነው፣ የሚቀየረው የባንክ ቁጥሩ ብቻ ነው። ባለፈው የባንክ መተግበሪያ ላይ ቁጥሩን ሳስገባ የተቀባዩ ስም ወጣ። ከአባትየው ስም ጋር አይገናኝም። እዚያው አቆምኩ። እዚህ ላይ በጅምላ መረባረብ አለብን። ሰዓት ባለፈ ቁጥር የሕፃኑ ገንዘብ ሌላ ኪስ እየገባ ነው።

ጋዜጠኛ፦
በእርዳታ ስም የሚሰረቅ ፎቶ አገር አያውቅም። ና ሶን ንጉየን የተባለ የቬትናም ፎቶግራፈር እ.ኤ.አ. በ2007 በሰሜን ቬትናም ሃ ዣንግ ውስጥ ሁለት ሕፃናት አነሳ። ትንሿ እህት ወንድሟ ላይ ተጠምጥማ። በ2015 የኔፓል የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ያው ፎቶ «የኔፓል ወላጅ አልባዎች» ተብሎ ዓለምን አዳረሰ። ገንዘብ የሚጠይቅበትም ተገኘ። ሕፃናቱ ግን ወላጅ አልባ አልነበሩም። ሰው ሁሉ ያጋራው ከክፋት አይደለም፤ ከርኅራኄ ነው።

አባት፣ ሐሳብዎ ይገባኛል። ግን መጀመሪያ ለቤተሰቡ ይደወል፤ እነሱ እውነተኛውን ቁጥር በራሳቸው ገጽ ያውጡ። ቀጥሎ ለባንኩ ይነገር። ልጥፉ ቢወርድ ሌባው ነገ ሌላ ይከፍታል። የባንክ ሒሳቡ ሲታገድ ነው የሚጎዳው።

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይህ ይሻላል። ግን ሁለቱም አብሮ ይሁን።

የቡድኑ አወያይ፦
አንድ ነገር ላስገባ፤ ይህ ለክርክር አይቀርብም። እርቃን ፎቶ ከሆነ ሊንኩን ማንም እዚህ እንዳይለጥፍ። «ሪፖርት አድርጉላት» ብሎ መለጠፍ ማሰራጨት ነው። ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል አገልግሎት አለ። ምስሉ ከስልኳ ሳይወጣ ምስሉን የሚለይ አሃዛዊ አሻራ ብቻ ይወሰዳል፣ ከአገልግሎቱ ጋር የሚሠሩ መድረኮችም በዚያ አሻራ ያግዱታል። ከ18 በታች ለሆኑት ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። ሁለቱም በነጻ ነው።

እህት፣ ሪያድ፦
ይህንን ማወቅ የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ፣ እነግራቸዋለሁ። ግን ፎቶ አንሺው ወንድሜ፣ አሁንም አልተግባባንም። አንተ ማስረጃ ትላለህ። ማስረጃውን የሚያይልኝ ሰው ከየት ላምጣ?

የሰርግ ፎቶ አንሺ፣ ባሕር ዳር፦
እህታለም፣ እኔ እዚህ ብዙ ሰው አይጠቅምም አላልኩም። ብዙ ሰው ሪፖርት ከሚጫን ሦስት ሰው ማስረጃ ያጣራ ነው የምለው። የሌባውን ልጥፍ ሊንክ ያስቀምጡ፤ ስክሪንሾት ብቻ አይበቃም፣ ሲሰረዝ የሚጣራ ነገር አይኖርም። ዋናውን ፎቶ በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ የካሜራው መረጃም ይጠፋል። የፌስቡክ ገጽ ከሆነ «የገጽ ግልጽነት» የሚለውን ይክፈቱ። መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ እዚያ አለ። ትናንት የጫማ ሱቅ የነበረ ገጽ ዛሬ የሕፃን እርዳታ ከሆነ ሌላ ምን ይጠበቃል?

ተማሪ፣ ጅማ፦
እሺ፣ ለማጣራቱ እኔ እስማማለሁ። ግን ካጣራን በኋላ መልስ ካልመጣ እንረባረባለን። ያንን አልተውም። ለአክስቴ ዓይነት ሰዎች ደግሞ ፎርሙን ጥያቄ በጥያቄ በአማርኛ እጽፈዋለሁ፤ የማስመሰሉን ለብቻ፣ የቅጂ መብቱን ለብቻ። ረቂቁን ቅዳሜ እለጥፋለሁ። ጋሼ፣ ስለ ውክልና የሚለውን ክፍል ያዩልኛል?

ጠበቃ፣ አዲስ አበባ፦
አያለሁ፣ ላክልኝ። ፊርማው ላይ ሰው ምን ብሎ እየፈረመ እንደሆነ በጉልህ ጻፈው።